ጅማ የመጣ እንግዳ የጣሊያን ዘመን ቤቶቻችንንም ይይ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከጅማ ነው። ስለ ከተማችን የጣሊያን ዘመን ቤቶች ሳይረፍድ አንድ ነገር ለማለት ነው።

ጅማ እንግዳ ሲመጣ የት እንደምንወስደው የታወቀ ነው። ጅሬን ወጥተን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት እናሳያለን፣ ከዚያ ሙዚየም፣ ከዚያ ቡና። ደስ ይላል፣ ይገባልም። ግን ስንመለስ መሀል ከተማው ላይ በባጃጅ ሽው ብለን የምናልፋቸው ቤቶች አሉ። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን በያዘበት ጊዜ ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛት መቀመጫ አድርጓት ነበር፤ በሂርማታ ገበያ ዙሪያ ባደገችው ከተማ ላይ ፕላን አውጥቶ መንገድ ቀደደ፣ ቢሮና ሱቅ ሠራ። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ በእግሩ ቀስ ብሎ የሄደ ሰው የዚያን ዘመን እጅ ዛሬም ያያል።

ግድግዳቸው ወፍራም ነው። በዓምድ የቆመ በረንዳ ያላቸውም አሉ። የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ያ በረንዳ ምን እንደሚጠቅም አይነገረውም፤ ዶፉ ሲወርድ ሻጩም ገዢውም ሊስትሮውም እዚያው ሥር ይጠለላል፣ ሥራም አይቆምም። አሁን ግን በረንዳው ይታጠርና ሱቅ ይሆናል፣ የእንጨቱ መስኮት ወልቆ አልሙኒየም ይገባል፣ ግድግዳው ሴራሚክ ይለጠፍበታል። ባለሱቁን አልወቅስም። ጣሪያው ሲያፈስ የደረሰለት የለም፣ እንደአቅሙ አደሰ።

«ወራሪ የሠራውን ምን አድርጉ ነው የምትለን?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ንዴታቸው ይገባኛል። ጣሊያን ከተሞቻችንን ሲነድፍ የነጩን ሰፈር ከአገሬው ሰፈር ለይቶ ነው፣ ይሄም ጎብኚ እንዲያነበው እዚያው ተጽፎ መሰቀል አለበት። ቤቱ ከፈረሰ ግን በደሉንም ለልጆቻችን የምናሳይበት ቦታ አይኖረንም። ደግሞ ድንጋዩን የተሸከመው የእኛ ሰው ነው፤ ከዚያ ወዲህም ከሰማንያ ዓመት በላይ የነገድንበት፣ ልጅ ያሳደግንበት እኛው ነን። ከእነሱ ይልቅ የኛ ነው።

አስመራ የጣሊያን ዘመን ሕንጻዎቿን ይዛ በ2009 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ሆናለች። ፊሊፒንስ ውስጥ ደግሞ ቪጋን የምትባል፣ በስፔን ዘመን ያደገች ከተማ አለች፤ በ1992 ዓ.ም. ነው የተመዘገበችው። አሮጌው ጎዳናዋ መኪና አይገባበትም፣ ጎብኚው በእግሩ ወይም በፈረስ ጋሪ ነው የሚዞረው። እኔን የሚያስቀናኝ ግን ቤቶቹ ባዶ አለመሆናቸው ነው፣ ታች ይነገዳል፣ ፎቅ ላይ ይኖራል። እኛስ ጋሪ አጥተን ነው?

በዚያው በ1992 ዓ.ም. እኛም የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209ን አውጥተናል። በአዋጁ መሠረት ቅርስ ለመጠገን እንኳ አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። ቤቱ በቅርስነት ካልተመዘገበ ግን ሕግ ጠቅሶ የሚከራከርለት አይገኝም። ስለዚህ መጀመሪያ ይመዝገቡ። የዩኒቨርሲቲያችን የአርክቴክቸር ተማሪዎች ለክተው፣ ፎቶ አንስተው፣ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ጠይቀው ሊያስጀምሩት ይችላሉ። ከተማው ሁሉንም ባይችል አንድ መንገድ ይምረጥ፤ ነዋሪውን ሳያስነሳ፣ ለጣሪያና ለበረንዳ ጥገና እያገዘ።

እናንተም ፎቶ አንሺ ላኩልን፣ ክረምቱ ሳይገባ። መንገዱን እኔ አሳየዋለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከጅማ