ያልገባሽን ነገር አዎ አትበይ

ይድረስ ለልጄ፤

ለጤናሽ እንዴት ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን አልፎ አልፎ ይቀስፋታል እንጂ ደህና ናት። እኔም ጀልባዬ ላይ ነኝ።

የአክስትሽ ልጅ ደውሎ ነግሮኛል። ካንቺ እሰማለሁ ብዬ ዝም ብዬ ነበር። የምትሠሪበት ሆቴል ማስጠንቀቂያ ጻፈብሽ አሉ። እንግዳው «ታክሲ እስካሁን አልጠራሽልኝም?» ሲልሽ «የስ» አልሽው። አንቺ «አዎ፣ አልጠራሁም» ማለትሽ ነው። እሱ የገባው ጠርታለች ብሎ ነው። ሻንጣውን ይዞ በር ላይ ሲጠብቅ አውሮፕላኑ አመለጠው።

በዚህ አልቆጣሽም። የሚያስቆጣኝ ሌላ ነው። ልጁ «ግራ ሲገባት ፈገግ ብላ የስ ትላለች» አለኝ። ይሄ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ልጄ፣ ያልገባሽን ነገር አዎ አትበይ።

የታክሲው ነገር ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። እኔ «አልበላሽም?» ብልሽና «አዎ» ብትይኝ፣ ልክ ነህ አልበላሁም ማለትሽ ነው። በእንግሊዝኛ እንዲህ የለም። ሰውየው እንዴትም አድርጎ ይጠይቅ፣ ነገሩ ከተደረገ «የስ»፣ ካልተደረገ «ኖ» ነው። ጣና ላይ ያለው ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት እንደማይገባ ታውቂያለሽ። ፈረንጆቹ ጀልባ ላይ «ሴት አይገባም እንዴ?» ሲሉኝ «ኖ» ነው የምላቸው። እስካሁን አማርኛው «አዎ» በል እያለ ይታገለኛል። አንቺ መልሱን በአንድ ቃል አትተዪው። «ኖ፣ አይ ሃቨንት ኮልድ ኢት የት» ብለሽ ጨርሺው። ሙሉውን ከተናገርሽ «የስ»ና «ኖ»ው ቢምታታብሽ እንኳ ሰውየው ይረዳሻል።

ሌላው ጣጣ «ዱ ዩ ማይንድ» ነው። ይሄን አጎትሽን ጠይቂው። አይ ተዪው፣ ቀልድ ያደርገዋል። እኔው ልንገርሽ።

ያኔ አንቺ አልተወለድሽም። የአሳ ጥናት የሚሠሩ ፈረንጆች ጀልባ የሚነዳና መረብ የሚጥል ሰው ይፈልጉ ነበር። ክረምት ላይ ነጭ አሳው እንቁላሉን ሊጥል ወደ ጉማራና ወደ ሌሎቹ ወንዞች ይወጣል። ሰዎቹ ይሄን ሌሊት ሌሊት መከታተል ፈልገዋል። ሐይቁን በጨለማ ከአጎትሽ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ለፋሲካ የተገዛችለትን ኮት ለብሶ ሄደ። እኔም አብሬው ሄድኩ። አስተርጓሚው የዚያን ቀን አልመጣም። ፈረንጁ ዋርካው ሥር ተቀምጦ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ጠየቀው። «ዱ ዩ ማይንድ ወርኪንግ አት ናይት?» አጎትሽ የሰማው «ወርክ»ንና «ናይት»ን ነው። ደረቱን ነፍቶ «የስ! የስ ሰር!» አለ። ሰውየው ትንሽ ዝም አለ። ደብተሩ ላይ አንድ መስመር ሰረዘ። ከዚያ ተነስቶ ጨበጠው።

ሥራውን ያገኘ መስሎት ያን ማታ ጠላ ቤት የነበረውን ሰው ሁሉ ጋበዘ፣ በዱቤ። በኋላ አስተርጓሚው ሲመለስ «ወንድምህ እኮ ሌሊት መሥራት ይከብደኛል ብሏል» አለኝ። ቦታውን ሌላ ሰው ይዞታል። አጎትሽ በዚያው ዓመት ዕዳውን ልክፈል ብሎ ለሰሊጥ ሥራ ሁመራ ወረደ። ሲመለስ ወባ ጨርሶት ነበር። አያትሽ ስትቀበር አልነበረም። ዛሬም ይሄን ሲያወራ ሰው በሳቅ ይፈርሳል፣ እሱም ይስቃል። እኔን አያስቀኝም።

ምን ልልሽ ነበር? አዎ፣ «ማይንድ» ከሰማሽ «ቅር ይልሻል ወይ?» እያለሽ ነው። ቅር ካላለሽ «ኖ፣ ኖት አት ኦል» በይ። ካልገባሽ ደግሞ «ሶሪ፣ ኩድ ዩ ሴይ ዛት አጌን?» በይ። ምን ያሳፍራል? ልጅ ሆነሽ እናትሽን «እ? ምን አልሽኝ?» እያልሽ ስታደርቂያት አይደል የምትውዪው? አሁን ምን ነካሽ? ያልገባሽን አዎ አትበይ።

«ጊቭ ሚ ፓስፖርት» ትያለሽ ተብሏል። በአማርኛ «ፓስፖርትዎን ይስጡኝ» ስትዪ አክብሮቱ አብሮ አለ። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም፤ «ዩ» ለሕፃንም ለሽማግሌም ያው ነው። ድሮ አንተና አንቺ የሚሉበት «ዛው» የሚባል ቃል ነበራቸው፣ «ዩ» የብዙና የአክብሮት ነበር። ቀስ በቀስ ሁሉንም ሰው በአንቱታ ሲጠሩ «ዛው» ቀረ። እንዲህ ጨዋ ሆነው ሲያበቁ አሁን ጨዋነቱን በረጅሙ ያስከፍሉሻል። «ኩድ አይ ሃቭ ዩር ፓስፖርት፣ ፕሊዝ?» በይ። ረጅም ነው፣ ግን ልመጂው።

ሰዓት ላይ ደግሞ ንቂ። እንግዳ ጠዋት 2 ሰዓት ቀስቅሺኝ ካለሽ የኛን ነው የነሱን? የኛ ጠዋት 2 ሰዓት በነሱ 8 ኤኤም ነው። ሌሊት የሚገባ እንግዳ ይብሳል፤ የነሱ ቀን የሚለወጠው በኛ ሌሊት 6 ሰዓት ነው። ማክሰኞ አምሽቶ ሌሊት 8 ሰዓት የደረሰ ሰው በሱ አቆጣጠር ረቡዕ 2 ኤኤም ነው የገባው። ቀኑን ካላንደር ላይ በጣትሽ አሳይተሽ አረጋግጪ።

በአውቶቡስ ዕቃ ልኬልሻለሁ። ሽሮውና በሶው ከላይ ነው፣ በርበሬው ጋቢው ውስጥ ተጠቅልሏል። ጋቢውን ሳታራግፊ እንዳትለብሺው። ለረዳቱ ሒሳብ ከፍዬዋለሁ፣ ድጋሚ ቢጠይቅሽ አትስጪው።

የማስጠንቀቂያውን ወረቀት ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ፈርመሻል አሉ። በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው? አንብበሽው ነው ወይስ እዚያም ፈገግ ብለሽ ነው የፈረምሽው? የኔ እናት፣ ፊርማም እኮ አዎ ማለት ነው። ደመወዝ ይቆረጣል የሚል ነገር ካለበት ቶሎ ልወቀው።

ሐሙስ ማታ 2 ሰዓት ደውዪ፣ በኛው ሰዓት። ከዚያ በፊት ሐይቅ ላይ ነኝ፣ ስልክ አይሰማኝም።

አባትሽ
ባሕር ዳር