መሣሪያው በእኛ ቆዳ ላይም ይሞከር

ውድ አዘጋጅ፣

የጠፈርተኞችን የልብ ምት፣ አተነፋፈስና የደም ኦክስጅን ስለሚለካው ካናቴራ ያወጣችሁትን ወድጄዋለሁ። እንደ ጠፈር ሁሉ ከሰው በራቀው የአንታርክቲካው ኮንኮርዲያ የምርምር ጣቢያም፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በዓመት ለ9 ወር ያህል አውሮፕላን ስለማይገባ ሕመምን ቀድሞ ማወቅ ነፍስ ያድናል።

ግን አንድ ነገር ዘላችኋል። ኦክስጅኑን በብርሃን የሚለካው መሣሪያ በጥቁር ቆዳ ላይ ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል፤ በ2020 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናትም ይህንኑ አሳይቷል። ጣት ላይ የሚደረገው ደግሞ ጣት ሲቀዘቅዝ ሊሳሳት ይችላል።

እዚህ ወሎ፣ ደላንታ ገደል ውስጥ ኦፓል የተባለውን የከበረ ድንጋይ የሚቆፍሩ ወንድሞች አሉን። ጉድጓዱ ጠባብ ነው፣ አየሩ የታፈነ። መሣሪያው ለእነሱም ቢደርስ እንዴት ደስ ባለኝ! ብቻ አስቀድሞ በእነሱው ቆዳ ላይ ይሞከር፤ ውጤቱም ለቆፋሪው ለራሱ ይነገረው እንጂ ከሥራ ማባረሪያ እንዳይሆን።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ