የቤት አያያዝ ክበብ፦ በዘንድሮው ዓመት የሠራናቸውና የጎደሉን

የቤት አያያዝ ክበብ በትምህርት ቤታችን ካሉት ክበባት መካከል በአባላት ብዛት ትልቁ አይደለም። ሥራው ግን ከግቢው አጥር ወጥቶ በየተማሪው ቤት ግድግዳ ላይ የሚታይ በመሆኑ በኩራት እናገርለታለሁ። ይህን ማስቀደሜ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በዓመቱ መጀመሪያ አባላት ስንመዘግብ «ቤት ማሰናዳት እናት የምታስተምረው ነው፤ ለዚህ ደግሞ ክበብ ምን ያደርጋል?» የሚል ጥያቄ ከተማሪም ከመምህርም ቀርቦልን ነበር። በእኛ በመንዝ ብዙው ቤተሰብ የሚኖረው በአንድ ወይም በሁለት ክፍል ቤት ነው። በዚያችው ክፍል ይበሰላል፣ ይተኛል፣ እህል ይቀመጣል፣ ልጅ ያጠናል፤ ብርዱ ሲጠና ግልገልም ያድርባታል። እንዲህ ባለ ቤት ዕቃ ቦታ ሲያጣ ጉዳቱ ለዓይን አለማማሩ ብቻ አይደለም፤ ደብተር ወጥ ይፈስበታል፣ እህል ይነቅዛል፣ መርዝ ከምግብ አጠገብ ይቀመጣል፣ የልደት ወረቀት በሚፈለግበት ቀን ይታጣል። ቁም ሳጥንና ብፌ የመግዛት አቅም የሌለው ሰው ቤቱን በሥርዓት መያዝ አይችልም የሚለውን አስተሳሰብ ነው ክበባችን ዓመቱን ሙሉ በተግባር ሲሞግት የከረመው።

የረቡዕ ከሰዓት በኋላ ስብሰባዎቻችን እንደማንኛውም ክበብ በስም ጥሪ ተጀምረው በሥራ ክፍፍል የሚያልቁ ስለነበሩ በእነርሱ ላይ የአንባቢን ጊዜ አልወስድም። ዋናው ሥራ የነበረው ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ቤተሰቦቻቸው በፈቀዱልን አባላት ቤት ነው።

የሥራችን መነሻ ከጃፓን የመጣው አሠራርን ደረጃ በደረጃ የማሻሻል ዘዴ፣ ካይዘን፣ በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው የምናያቸው አምስት «ማ»ዎቹ ናቸው፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ይህ አሠራር በፋብሪካና በሆስፒታል ሲነገርለት ቆይቷል፤ ወደ ጎጆ ሲገባ ግን ብዙም አላየሁም። እኛ የጀመርነው ከማጣራት ነው። ከቤት ውስጥ ያለው ዕቃ በሙሉ ወደ ደጅ ይወጣና በየቀኑ የሚፈለገው፣ በዓመት አንድና ሁለት ጊዜ ለድግስ ወይም ለበዓል የሚወጣው፣ ማንም የማይነካው ተብሎ በሦስት ቦታ ይከመራል። እጀታው የወለቀ ጀበናና ክዳኑ የጠፋ ብልቃጥ በየመደቡ ሥር ምን ያህል ቦታ ይዘው እንደኖሩ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። አንዳንድ እናቶች በዚህ ደረጃ ይከፋሉ፤ እኛም አንዱንም ዕቃ ባለቤቲቱ «ይውጣ» ሳትል አውጥተን አንጥልም።

ለማስቀመጥ የሚረዳን ነገር ሁሉ ከአካባቢው የሚገኝ ነው። የድንጋይ ግድግዳ ሚስማር አይቀበልም፤ ብዙ ቤት ውስጥ ልብስ ሁሉ በአንድ ገመድ ላይ ተደራርቦ የሚውለውም በዚህ ምክንያት ነው። እኛ ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ እንጨት አግድም ይዘን፣ ሁለቱን ጫፎች በድንጋዮቹ መጋጠሚያ ላይ በተመቱ ችካሎች አሳርፈን፣ ጓሳ ከተባለው ሣር በተገመደ ገመድ ጠፍረን እናስራለን። ኩላቦቹ በዚህ አግዳሚ ላይ ይሰካሉ። የላይኛው ረድፍ ለአዋቂ ሲሆን የታችኛው በትንሹ ልጅ ደረት ልክ ይሆናል፤ ልጅ የማይደርስበትን ኩላብ ሰቅሎለት «ልብስህን ስቀል» የሚል ወላጅ ሁልጊዜ ሲቆጣ ይኖራል። ባለ ሃያ ሊትር ቢጫ የዘይት ጀሪካን በጎኑ ተቀዶ ጠርዙ በጨርቅ ሲጠመጠም የጫማ ወይም የማንኪያና የጭልፋ ማስቀመጫ ይሆናል። የስንዴ ዱቄት ጆንያ ታጥቦ ኪስ በኪስ ሲሰፋ ደግሞ ለደብተር፣ ለማበጠሪያና ለሳሙና የሚበቃ የግድግዳ መደርደሪያ ነው።

እህልን በተመለከተ ሁለት ነገር ላይ ጠንክረን ሠርተናል። የመጀመሪያው ከረጢቱን ከመሬት ማንሣት ነው። በድንጋይ ላይ በተዘረጋ የእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ የተቀመጠ እህል የመሬት እርጥበት አይደርስበትም፤ አይጥም ከኋላው መደበቂያ አታገኝም። ሁለተኛው ለዘርና ለወጥ የሚቀመጠው ባቄላና ምስር ነው። በጥርስ ሲሰበር ቀጭ እስኪል ድረስ በፀሐይ ደርቆ፣ በንጹሕና በደረቀ ጀሪካን እስከ አፉ ተሞልቶ፣ ክዳኑ ጠብቆ ከተዘጋ ውስጥ የቀረ ነቀዝ ቢኖር እንኳ ያለችውን አየር ጨርሶ በራሱ ይሞታል። ጀሪካኑ ግን ከዚህ በፊት ኬሚካል ወይም ነጭ ጋዝ ያልያዘ መሆን አለበት።

በዚህ አገር ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምንኖር ከበግ ፀጉር የሚሠሩት ባና እና ዝተት የተባሉ ብርድ ልብሶች የቤታችን ትልቅ ሀብት ናቸው፤ ጠላታቸውም ብል ነው። ጉዳት የሚያደርሰው የሚበረው ቢራቢሮ ሳይሆን የእርሱ እጭ ነው፤ የበግ ፀጉርን ይበላል፣ ንጹሕ ጥጥን ግን አይፈልግም። አባሎቻችን ባናውን ከክረምት በፊት በጠራ ፀሐይ አስጥተው፣ በዱላ አራግፈው፣ እጥፋቱንና ስፌቱን በብሩሽ ጠርገው፣ በአቡጀዲ ጠቅልለው አፉን በመርፌ መስፋት ተምረዋል። ናፍታሊን ለመግዛት ገንዘብ አላወጣንም።

እዚህ ላይ ስለ ወንዶቹ አባላት አንድ ነገር ማለት ይገባኛል። ከክበቡ ውጭ ባሉ ተማሪዎች ሲቀለድባቸው ሰምቻለሁ። በመንዝ የበግ ፀጉር የምትፈትለው ሴት ብትሆንም ባናውን የሚሸምነው ወንድ ነው፤ አባቶቻቸው በመወርወሪያና በድር የኖሩ ልጆች መርፌ ቢይዙ የሚያሳፍር ነገር የለበትም። የጆንያውን ኪስ ስፌት አንድም ሳይዛነፍ የሰፉትም እነርሱ ናቸው።

ከዓመቱ ሥራዎች ሁሉ በልቤ የቀረው የአንድ ቅዳሜ ጉዞ ነው። ከትምህርት ቤቱ ወጣ ብሎ በሚገኝ መንደር ለሚኖሩ አንዲት አረጋዊት ቤታቸውን ልናሰናዳላቸው ሄድን። የክበባችን አባል የሆነው የልጅ ልጃቸው አብሯቸው ነው የሚኖረው። ልጁ ዓመቱን ሙሉ በስብሰባ ላይ አፉን ከፍቶ አያውቅም፤ የታዘዘውን ይሠራል፣ ሲጨርስ ከጥግ ይቀመጣል። አባላቱ የባሕር ዛፍ መደርደሪያ ተሸክመው ነበር የሄዱት። ገና እንደገቡ ብርሃን በሚገባበት በመስኮቱ በኩል ሊያቆሙትና በግድግዳው ዙሪያ ተበታትነው የተሰቀሉትን ቅሎችና ጣሳዎች ሁሉ ወደ እርሱ ሊሰበስቡ ተስማሙ። እኔም ሐሳቡን መልካም ብዬው ነበር። አንዲት ልጅ የጨውን ጣሳ ልታወርድ እጇን ስትዘረጋ ያ ዝምተኛ ልጅ ቀድሞ ጣሳውን ያዘ።

«አታንሡት» አለ። «አያቴ የምታየው በእጇ ነው። ቦታውን ከቀየራችሁት ቤቷ ይጨልምባታል።»

የአረጋዊቷ ዓይን ከደከመ ዘመን ቆይቷል፤ ይህን ከእኛ መካከል የሚያውቅ አልነበረም። አቀባበላቸውና አረማመዳቸው እንደ ማንኛውም ባለቤት ነበር። «እስኪ ያሳዩን፣ እማማ» ብለን ለመንናቸው። ከበሩ መቃን ተነሥተው የግራ እጃቸውን በግድግዳው ላይ እያሳለፉ ሄዱ፤ በመጀመሪያው ኩላብ ጋቢያቸው፣ ቀጥሎ ሰፌዱ፣ ከምድጃው በላይ ጨው፣ ክንድ ሲዘረጋ በርበሬ፣ ከእርሱ ዝቅ ብሎ የሽሮው እንስራ። አንድም ጊዜ እጃቸው ባዶ ላይ አላረፈም፤ አንድም ዕቃ አልዳበሱም። ተማሪዎቹ እስክርቢቶ አውጥተው የእጃቸውን መንገድ በወረቀት ላይ ሳሉ። የአባቶችና የእናቶች ቤት ሥርዓት የሌለው የሚመስለን ሥርዓቱን ስላልጠየቅን እንደሆነ በዚያች ቤት ገባኝ፤ ያን ዝምተኛ ልጅ ዓመቱን ሙሉ አስቀምጦ ያቆየው ነገር ምን እንደነበረም ያን ጊዜ አየሁ።

ከዚያ በኋላ የተሠራው ሁሉ እርሱ እየመራ ነው። የላሉት ኩላቦች በዚያው ቦታቸው በአዲስ ተተኩ። መደርደሪያው መስኮቱን ትቶ እጃቸው በሚያልፍበት ግድግዳ ላይ ቆመ። የጨውና የስኳር ጣሳዎች አንድ ዓይነት ስለነበሩ በጨው ጣሳ አንገት ላይ አንድ ቋጠሮ፣ በስኳሩ ላይ ሁለት ቋጠሮ ያለው ክር ታሰረ። ከቦታው የተነሣው ዕቃ አንድ ብቻ ነበር፤ ልጁ እንዳያገኘው ብለው ከመደቡ ራስጌ የሸጎጡት የነቀዝ ክኒን። ይህ ክኒን የአየር እርጥበት ሲያገኘው ገዳይ ጋዝ ያወጣል፤ ሰው በሚተኛበት ክፍል ፈጽሞ መቀመጥ የለበትም፤ በእርሱ ከታከመ እህል አጠገብም ሰው ማደር የለበትም። ክኒኑ ቁልፍ ባለው ሣጥን ሆኖ ከመኖሪያው ርቆ ወደሚገኘው የዕቃ ጎጆ ወጣ። ስንሰናበት «ቤቴን ሳታፈርሱ አደሳችሁልኝ፤ እደጉ፣ ተመንደጉ» ብለው መረቁን።

ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ የክበባችን አሠራር ተለውጧል። ዕቃ ከማንሣታችን በፊት ይህን ዕቃ ማን ይጠቀምበታል፣ በየትኛው ሰዓት፣ ከየት በኩል መጥቶ ነው የሚያነሣው ብለን እንጠይቃለን። ማላመድና ማዝለቅ የሚባሉት ሁለቱ የመጨረሻ ደረጃዎች የሚሳኩት በዚህ መንገድ እንደሆነ ከቀሩት ቤቶች ማየት ችለናል፤ የቤቱን ሰው ልማድ ተከትሎ የተሰቀለ ኩላብ ከወራት በኋላም በጥቅም ላይ ነው፣ ለዓይን እንዲያምር ብቻ የተሰቀለው ግን ባዶውን ቀርቷል።

በየቤቱ አጥብቀን የምንፈትሸው ሌላው አደጋ በሃይላንድ የሚቀመጥ በረኪናና ነጭ ጋዝ ነው። የውኃ መያዣ ውስጥ ያለን ነገር ሕፃን ውኃ ነው ብሎ ይጠጣዋል። ከመጣበት ዕቃ እንዳይገለበጥ፣ ከተገለበጠም ከልጅ ቁመት በላይ ተቆልፎ እንዲቀመጥ እናሳስባለን።

የቤተሰብ ሰነዶች የሚቀመጡበት ከረጢትም ብዙ ጠቅሞናል። የመሬት ይዞታ ደብተር፣ የጤና መድን ደብተር፣ የክትባት ካርድ፣ የልደት የምስክር ወረቀትና የትምህርት ማስረጃ በአንድ ፌስታል ተጠቅልለው፣ በጨርቅ ከረጢት ሆነው፣ ከምድጃና ከጣሪያ ፍሳሽ ርቀው ይሰቀላሉ። አባላት ይህን ሲያዘጋጁ ነው ታናናሾቻቸው የልደት ወረቀት እንደሌላቸው ያወቁት። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀናት ውስጥ መመዝገብ እንዳለበት በሰልፍ ሰዓት አስነግረናል፤ ከዚያም በኋላ ወደ ቀበሌ የሄዱ ወላጆች እንዳሉ ልጆቹ ነግረውኛል።

ያልተሳካልንም አለ። በአጨዳው ወራት ብዙ አባላት ወደ እርሻ ስለሚሄዱ ሥራው ተቀዛቅዞ ነበር። ለወላጆች ቀን ያዘጋጀናቸው የጆንያ ኪሶችና የካርቶን ሣጥኖች ጣሪያው በሚያፈስ መጋዘን ውስጥ ስለተቀመጡ ከፊሉ በስብሶ ለዕይታ ሳይቀርብ ቀርቷል። ዕቃን እንዴት በአግባቡ ማስቀመጥ እንደሚገባ የሚያስተምር ክበብ የራሱን ዕቃ የሚያስቀምጥበት ደረቅ ጥግ ማጣቱ ያሳዝነኛል። ለሌሎች ክበባት ኳስና ድምፅ ማጉያ መገዛቱን እደግፋለሁ፤ ነገር ግን የእኛ መጋዝና መዶሻ ዓመቱን ሙሉ ከወላጆች በውሰት የመጡ መሆናቸውን የትምህርት ቤቱ አመራርና የወላጅ መምህር ኅብረት እንዲያውቁልን እፈልጋለሁ።

ለሚቀጥለው ዓመት የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። አንድ መጋዝ፣ ሁለት መዶሻ፣ ችካል መጥረቢያ፣ የጆንያ መርፌና ክር፣ እንዲሁም ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለችው ባዶ ክፍል ትሰጠን። የክፍሏን ግድግዳ ለመምረግ አባላቱ ተስማምተዋል፤ ጣሪያዋን ለመጠገን አንድ ወላጅ በጉልበታቸው ሊያግዙን ቃል ገብተዋል። የጎደለን ቆርቆሮና ሚስማር ነው። ወላጆችም ንጹሕ የዱቄት ጆንያና የዘይት ጀሪካን ካላችሁ ሳትጥሉ በልጆቻችሁ እጅ ላኩልን፤ በምዝገባ ሳምንት በመምህራን ማረፊያ በር ላይ አባሎቻችን ቆመው ይቀበላሉ።

የክበቡ ተጠሪ መምህር