ለብቻው ለበረረ ሰው ሦስት የዓይን ምስክር፦ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፤

ስምዎንም የመሥሪያ ቤትዎንም ስም እዚህ አልጽፍም። «ጠፍቷል» የተባለው ታላቅ ወንድሜ መሰዋቱ እንዲጻፍልኝ በአምስት ዓመት ውስጥ ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች ከነመዝገብ ቁጥራቸው እናንተው ዘንድ ስላሉ፣ ይህ ለማን እንደተጻፈ ያውቁታል። በጽሑፍ አንድም መልስ አልተሰጠኝም። በአካል ስመላለስ የተነገረኝ ግን ይህ ነው፦ «አብረውት የነበሩ ሦስት የዓይን ምስክሮች አቅርብ።»

ክቡር ሆይ፣ ታላቅ ወንድሜ የተዋጊ አውሮፕላን አብራሪ ነበር። ያበርረው የነበረው ኤፍ-5 ኢ መቀመጫው አንድ ነው። ይህን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እኔ ያወቅሁት በ12 ዓመቴ፣ በ1969 ፋሲካ፣ መንዝ ቤታችን ምድጃ ዳር ተቀምጬ ነው። በፈቃድ ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው ያኔ ነበር። 24 ዓመቱ ነው። ለእኔ ጫማ፣ ለእናታችን ጥቁር ዣንጥላ ይዞ መጣ። እናቴ የበግ ጠጉር እየፈተለች «አብሮህ የሚቀመጠው ማነው?» አለችው። «ብቻዬን ነኝ እማ» አላት። እንዝርቷን አስቀምጣ ዝም ብላ አየችው። እንደደነገጠች ሲያይ ሁለት መዳፎቹን ዘርግቶ ጎን ለጎን አስጠጋና «ጓደኛዬ በሌላ አውሮፕላን አጠገቤ አለ፤ ጥንድ ሆነን ነው የምንወጣው» አላት። መዳፎቹ ከምድጃው ጭስ በላይ እኩል ሲያጋድሉ ዛሬም ይታዩኛል።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ገባ። ነሐሴ ላይ ድሬዳዋ አፋፍ ደረሰ። አሜሪካ የጦር መሣሪያ እርዳታዋን አቋርጣ፣ የአውሮፕላን መለዋወጫ ብርቅ በሆነበት ሰዓት፣ ያችን ከተማ ያዳኗት ምድር ላይ የተዋደቁት ወታደሮችና ሚሊሻዎች፣ ሰማይ ላይ ደግሞ እንደ ወንድሜ ያሉ ልጆች ናቸው። ወንድሜ በዚያ ሰሞን ለግዳጅ ተነሥቶ አልተመለሰም።

ቤታችን የመጣው ወረቀት «በግዳጅ ላይ ሳለ ጠፍቷል» ይላል። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ጎረቤት ነው ያነበበላት። በእኛ አገር የጠፋ በግ ይፈለጋል፣ የጠፋ ይገኛል። ስለዚህ ጠበቀችው። ተዝካሩ ይውጣ ሲሏት «የልጄን ተዝካር በቁሙ አላወጣም» አለች። በ1980 ምርኮኞች ሲለዋወጡ፣ አብራሪው ለገሰ ተፈራ ከ11 ዓመት እስር በኋላ ከሶማሊያ በሕይወት ሲመለስ፣ ሬዲዮኑን ጭኗ ላይ አድርጋ የልጇን ስም ስትጠብቅ አደረች።

ያ ጎን ለጎኑ የበረረው ጓደኛው ቤታችን የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የታንክ ሰልፍ ለመምታት ዝቅ እንዳሉ ወንድሜ ከምድር በተተኮሰ ፀረ አውሮፕላን መመታቱን ነገረን። «ዣንጥላ ሲዘረጋ አላየሁም፤ ወርጄ ያኔውኑ ለአለቆቼ በጽሑፍ አመልክቻለሁ» አለ። እናቴ ምሰሶው ላይ ወደተሰቀለው ዣንጥላዋ ዞራ ብዙ ቆየች። ቀጥላም «አላየሁም ነው ያልከው፤ ሞተ አላልከኝም። መንግሥት ሞተ ሲለኝ አለቅሳለሁ» አለችው።

ያ ሰው ዛሬ በሕይወት የለም። የጻፈው ግን በወንድሜ ፋይል ውስጥ መኖር አለበት። አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ ፋይሉን ገልጦ እንዲያይ ነው አምስት ዓመት የለመንኩት። መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛችሁ ግን ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «አባባ፣ ይሄ እኮ የደርግ ጊዜ ነገር ነው» አለኝ። ድሬዳዋ ዛሬም አለች፤ ሰው ይኖርባታል፣ ልጅ ይወለድባታል። በየዓመቱ የካቲት 26 የካራማራ ድል ሲታሰብ የእናንተም ሹማምንት የአበባ ጉንጉን ያስቀምጣሉ። እናቴ ያን በዓል በሬዲዮ ስትሰማ ከወንበሯ ትነሣ ነበር።

እናቴ በ2015 ዐረፈች። ለልጇ ሳታለቅስ ነው የሞተችው። ይህን እንዴት ብዬ እንደምነግርዎ አላውቅም፤ አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት እናት ለልጇ ማልቀስ ያልቻለችው አንድ ቃል የሚያርም ሰው ስለጠፋ ነው።

ጡረታ አልጠየቅሁም፣ መሬት አልጠየቅሁም። ፋይሉ ይታይ። «ጠፍቷል» የሚለው «ተሰውቷል» ተብሎ ይታረም። ማኅተም ያረፈበት አንድ ገጽ ይሰጠኝ።

ለተዝካሩ የሚሆነውን ገብስ ለብቻው አስቀምጫለሁ። ሰኞ ጠዋት ከደብረ ብርሃን በመጀመሪያው መኪና ተነሥቼ እመጣለሁ፤ የዚያን ወረቀት ዋናውን ይዣለሁ።

የአብራሪው ታናሽ ወንድም፣
ከሰሜን ሸዋ