ዜማው ሳይነካ ቀለሙ ሲለወጥ

ለአዘጋጁ፦

ክሮማቲክ ሐርመኒ፣ ማለትም በግማሽ ቶን (በፒያኖ ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ባለው ትንሹ የድምፅ ርቀት) የሚንቀሳቀስ አጃቢ፣ ባህላዊ ዜማን ያበላሻል የሚል አስተያየት ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ፈጽሞ አልስማማም። ኖርዌያዊው ኤድቫርድ ግሪግ እ.ኤ.አ. በ1896 እና 1897 ለፒያኖ ያቀናበራቸውን 19 የሀገሩን ዜማዎች በጽሞና ያደመጠ ምክንያቴን ይረዳል። ብዙዎቹን ወዳጁ ፍራንትስ ባየር ከተራራማው ዮቱንሃይመን የሰበሰባቸው ናቸው።

ግሪግ የገጠሩን ዜማ ያከብረዋል፤ ለውጡ የሚመጣው ከሥሩ ነው። ባሱና የውስጥ ድምፆቹ በግማሽ ቶን፣ በግማሽ ቶን ይወርዳሉ። ያው አንድ ኖታ፣ ኮርዱ (አብረውት የሚሰሙት ድምፆች) በተለወጠ ቁጥር፣ አንዴ ብሩህ፣ አንዴ ትካዜ ያዘለ ይሆናል። ዜማው ሲደገም አጃቢው አዲስ ነገር ይናገራል። እንዴት ያለ ጥበብ ነው!

በእኛ ቅኝቶች ላይ የሚሠሩ ፒያኒስቶችም ይህን አሠራር ቢያጠኑት እመኛለሁ። ማንኛውም ኮርድ ለማንኛውም ቅኝት ይስማማል ማለቴ አይደለም። ሆኖም አንቺሆዬ በራሱ ውስጥ ሁለት ቦታ የግማሽ ቶን እርምጃ ስላለው፣ ምንም ከሌለው ከትዝታ ሜጀር ይልቅ ለዚህ የተመቸ ይመስለኛል። ተጫዋቾችን የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ድምፁን የሚያቆየውን የእግር ፔዳል በየኮርዱ ለቃችሁ እንደገና ርገጡት፤ አለዚያ ያ ሁሉ የረቀቀ እንቅስቃሴ ተደበላልቆ ይጠፋል።

አንድ የፒያኖ መምህር
ከአዲስ አበባ