መሬቱ ነው ወይስ ሰው? የጂኦግራፊና ታሪክ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ የተከራከረው በአንድ ጥያቄ ነው፣ የአገርን እጣ የሚወስነው መሬቱ ነው ወይስ ሰው? ጥያቄውን ያነሱት ልጆቹ ናቸው።

መጀመሪያ የወሎን ተራሮች በጭቃና በካርቶን ሰሯቸው፣ ጦሳን፣ አምባሰልን፣ መቅደላን፣ ከዛ አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ በሃይላንድ ውሃ ይዛ መጣችና ከደሴ በስተምዕራብ ባለው ተረተር ላይ ቀስ እያለች ስታፈስ ውሃው ለሁለት ተከፈለ። በምስራቅ የወረደው በቦርከና አድርጎ አዋሽ ይገባል፣ አዋሽ ደግሞ ባህር ሳያይ አፋር ምድር አቤ ሃይቅ ላይ ይቀራል። በምዕራብ የወረደው በበሽሎ አባይ ገብቶ ግብፅን አቋርጦ ሜድትራኒያን ይደርሳል። የአባይ ፖለቲካ ከደጃቸው እንደሚጀምር በአይናቸው አዩት!

ትልቁ ክርክር ግን መቅደላ ነበር። የመሬት ቡድን "አፄ ቴዎድሮስ መቅደላን የመረጡት ገደሉን አምነው ነው፣ 7 ቶን የሚገመተውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር እዛ ድረስ ለማድረስ መንገድ እየተቆረጠ ህዝብ ነው የጎተተው" አለ። የሰው ቡድን ደግሞ ቴዎድሮስን ሊወጋ የመጣውን የእንግሊዝ ጀነራል ናፒየርን አመጣ፣ 13,000 ገደማ ወታደርና 44 ዝሆን ይዞ ከዙላ ባህር ዳርቻ ተነስቶ ያን ሁሉ ተራራ ሲያልፍ ማን አገደው? የትግራዩ ካሳ ምርጫ (በኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ) እንደውም መንገድ ለቀውለት ስንቅም እንዲያገኝ አድርገዋል፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 መቅደላ ተያዘች። ደሞ ከዛው አምባ ምኒልክ በ1857 ከእስር አምልጠው የወሎ ገዥ የነበረችው ወርቂቱ ናት የተቀበለቻቸው። አንዱ የ12ኛ ክፍል ልጅ "ከስር ያለው ህዝብ ከሸሸህ ገደል ምን ያደርግልሃል?" አለ፣ ወላሂ ደስ ነው ያለኝ።

እኔም ለሰው አደላለሁ፣ ግን መሬቱን መናቅ አይቻልም። ከሰሜን ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው አስፋልት ደሴና ኮምቦልቻን ነው የሚያልፈው፣ ከኮምቦልቻም በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ፣ ከዛ ወደ ጅቡቲ መንገድ ይገነጠላል፣ በ2014 ጦርነቱ ለምን ወደኛ እንደመጣ ልጆቹ ይሄን ካርታ ሲያዩ ነው የገባቸው። ያን ቀን ብዙም አላስተማርኩም፣ እነሱ ያዩትን ሲያወሩ ሰማሁ፣ ያለቀሰም ነበር።

የመቅደላ ጉዟችን ቃል የተገባልን መኪና ስላልመጣ ቀረ፣ ልጆቹ በጣም ነው ያዘኑት። አብሽሩ ብያቸዋለሁ፣ ለከርሞ በ1881 ከጣሊያን ጋር ውሉ የተፈረመባትን ውጫሌን እናያለን፣ የወልዲያ መንገድ ላይ ስለሆነች በህዝብ ትራንስፖርትም ይደረስባታል። የጭቃው ሞዴል ላይብረሪ ጥግ አለ፣ እስከ አሰብ ሊያስረዝሙት ስላሰቡ መመዝገብ የምትፈልጉ መስከረም ላይ ኑ፣ ካርቶን ያላችሁም ይዛችሁ ኑ።