ከማዳመጥ ወደ መጠየቅ፦ የቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ክበባችን ባለፉት ዓመታት በዋናነት የአባላቱን ግጥሞችና አጫጭር ልብ ወለዶች በትምህርት ቤቱ መድረክ ሲያቀርብ ቆይቷል። ዘንድሮ ይህን ሥራ ሳይተው፣ በዩኒቨርሲቲ የሰብዓዊ ሳይንስ ፋኩልቲ ለሕዝብ ክፍት ሆነው የሚዘጋጁትን ምሁራዊ ገለጻዎችና የባህል ዝግጅቶች ዓመቱን ሙሉ ለመከታተል ወሰነ። ሐሳቡን ያመነጩት ከፍተኛ ክፍል ላይ ያሉ አባላት ሲሆኑ፣ እኔም የክበቡ ተጠሪ መምህር እንደ መሆኔ በደስታ ተቀበልሁት። ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱ በፊት አንድ ምሁር ሐሳቡን እንዴት እንደሚያዋቅር፣ ሌላው ምሁር ደግሞ እንዴት እንደሚሞግተው በዐይኑ ቢያይ ትልቅ ትርፍ አለው ብዬ ከልብ አምናለሁ።

የመጀመሪያው ጉዟችን ግን እንዳሰብነው አልሆነም። የዕለቱ ገለጻ በጥንታዊ ጽሕፈቶች አፈታት ላይ ያተኮረ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1799 በግብፅ ስለተገኘው የሮዜታ ድንጋይ፣ በላዩም አንድ አዋጅ በሄሮግሊፍ (በጥንታዊው የግብፅ የሥዕል ጽሕፈት)፣ በዴሞቲክ (በግብፃውያን የዘወትር ጽሕፈት) እና በግሪክኛ ስለመቀረጹ፣ ፈረንሳዊው ሻምፖሊዮን በ1822 የሄሮግሊፍን ምሥጢር እንዴት እንደደረሰበት ሰፊ ማብራሪያ ተሰጠ። ተማሪዎቹ ከኋላ ረድፍ ተቀምጠው የተነገረውን ሁሉ ቃል በቃል ለመጻፍ ሲጣደፉ ዋናው ሐሳብ አመለጣቸው። የጥያቄ ጊዜ ሲደርስ ከእኛ ወገን አንድም እጅ አልተነሣም። በማግስቱ ደብተሮቻቸውን ስናይ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ስድስት ገጽ ሞልታ አንዱንም መልሳ ማንበብ አልቻለችም። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ርእሱን አስቀድሜ ሳላስተዋውቃቸውና እንዴት እንደሚያዳምጡ ሳላሳያቸው ወስጃቸዋለሁና።

ከዚያ በኋላ አሠራራችንን ለወጥን። ከእያንዳንዱ ገለጻ በፊት ተሰብስበን በማስታወቂያው ላይ የወጣውን አጭር መግለጫ አንድ ላይ እናነባለን፣ ያልገቡንን ቃላት እንፈታለን፣ እያንዳንዱ አባልም ቢያንስ አንድ ጥያቄ በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ይይዛል። በአዳራሹ ውስጥ የደብተሩ ግራ ገጽ ተናጋሪው ላለው፣ ቀኙ ደግሞ ለአድማጩ ጥርጣሬና ጥያቄ ይሆናል። በማግስቱ ማስታወሻዎቻችንን ጎን ለጎን አድርገን እናነጻጽራለን። ከሁሉ የበለጠ ትምህርት የተገኘው ከዚህ የማግስት ስብሰባ ነው፤ አንድን ገለጻ የሰሙ ተማሪዎች በአንድ ዐረፍተ ነገር ትርጉም ላይ ሦስት ዓይነት ማስታወሻ ይዘው የመጡበት ጊዜ ብዙ ነበርና።

ማስታወሻ መያዝ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለማስረዳት የፈርዲናንድ ደ ሶስዩርን ታሪክ ነገርኋቸው። ይህ የሥነ ልሳን ሊቅ እ.ኤ.አ. ከ1907 እስከ 1911 ባለው ጊዜ በጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ሥነ ልሳንን ሦስት ጊዜ አስተማረ፤ ትምህርቱን ግን በመጽሐፍ ሳያሳትም በ1913 ዐረፈ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1916፣ በስሙ የወጣውና የዘመናዊ ሥነ ልሳን መሠረት የሆነው መጽሐፍ የተሰናዳው በዋናነት ከተማሪዎቹ ደብተሮች ነው፤ ያሰናዱት ሁለቱ ባልደረቦቹ ደግሞ እነዚያን ትምህርቶች ራሳቸው ተገኝተው አልሰሙም ነበር። ይህን ስናገር አንድ አባል «ታዲያ ተማሪዎቹ አሳስተው ጽፈው ቢሆንስ?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄው ለረጅም ጊዜ ምሁራንን ያከራከረ ጥያቄ ነው፤ በኋላ የታተመውን መጽሐፍ ከደብተሮቹ ጋር ጎን ለጎን ያስቀመጠ እትም የተዘጋጀውም ለዚሁ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ አባላቱ በማስታወሻቸው ላይ «ተናጋሪው እንዲህ አለ» እና «እኔ እንዲህ ተረዳሁ» የሚሉትን መለየት ጀመሩ።

ከዓመቱ ገለጻዎች ሁሉ በልጆቹ ዘንድ ብዙ የተወራለት የቋንቋዎችን ዝምድና የሚመለከተው ነበር። ገለጻ አቅራቢዋ ብሪታንያዊው ዳኛና የቋንቋ ሊቅ ዊልያም ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1786 በሕንድ በካልካታ ለኤዥያቲክ ማኅበር ካቀረበው ንግግር ተነሡ፤ በዚያ ንግግር ጆንስ ጥንታዊው የሕንድ ቋንቋ ሳንስክሪት ከግሪክና ከላቲን ጋር ያለው መመሳሰል በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን እንደማይችልና ሦስቱም ምናልባት ዛሬ ከሌለ አንድ ምንጭ ሳይፈልቁ እንዳልቀሩ ተናግሮ ነበር። ከእኛ አባላት አንዱ ተነሥቶ መመሳሰሉ ከዝምድና እንጂ ከመዋዋስ እንዳልመጣ በምን እንደሚታወቅ ጠየቀ። መልሱ ሩብ ሰዓት ያህል ወሰደ። ፍሬ ነገሩ ማስረጃው የቃላት መመሳሰል ብቻ ሳይሆን የድምፆች መደበኛ መተካካት መሆኑ ነው፤ በላቲን «ፓተር»፣ «ፒስኪስ»፣ «ፔስ» የሚሉት ቃላት በእንግሊዝኛ «ፋዘር»፣ «ፊሽ»፣ «ፉት» ሲሆኑ «ፐ» በየቦታው በ«ፈ» ተተክቶ ይገኛል።

ተማሪዎቹ ይህን ይዘው ተመልሰው በራሳቸው ፈቃድ አማርኛን፣ ዕብራይስጥንና ዐረብኛን የሚያነጻጽር ሠንጠረዥ ሠሩ። የእኛ «ስም» በዕብራይስጥ «ሼም»፣ በዐረብኛ «ኢስም» ነው፤ «ሰማይ» «ሻማዪም» እና «ሰማእ»፣ «ሰባት» «ሼቫዕ» እና «ሰብዓ» ይሆናሉ። በዕብራይስጥ «ሸ» በሚሰማበት ቦታ በሌሎቹ ሁለቱ «ሰ» እየተደጋገመ መገኘቱን ራሳቸው ሲያዩ የተሰማቸውን ደስታ በቃላት መግለጽ ይከብደኛል። «ሰላም» እና «ሻሎም»ንም ሊጨምሩ ፈልገው ነበር፤ ሆኖም የሰላምታ ቃል ከሕዝብ ወደ ሕዝብ በቀላሉ የሚሻገር በመሆኑ ብቻውን ጠንካራ ማስረጃ እንደማይሆን ተወያይተው በተለየ ዐምድ አስቀመጡት። ይህን ጥንቃቄ ያስተማራቸው የገለጻው የጥያቄ ጊዜ ነው።

የባህል ዝግጅቶቹን በሚመለከት፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1999 በወሰናቸው ሁለት ዕለታት፣ ማለትም የካቲት አጋማሽ ላይ በሚውለው የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀንና ከአንድ ወር በኋላ በሚከተለው የግጥም ቀን፣ ፋኩልቲው ባሰናዳቸው መድረኮች ተገኝተናል። በግጥሙ ምሽት አንድ ግጥም በመጀመሪያ በተጻፈበት ቋንቋ፣ ቀጥሎም በሦስት የተለያዩ ትርጉሞች ተነበበ። አንዱ ተርጓሚ ቤት መምታቱን ለመጠበቅ ሐሳቡን አጠፈ፤ ሁለተኛው ሐሳቡን ጠብቆ ዜማውን ለቀቀ፤ ሦስተኛው ለሁለቱም ሲታገል አንድ ስንኝ ጨመረ። ልጆቹ የትኛው ታማኝ እንደሆነ እስከ በር ድረስ ሲከራከሩ ወጡ። በአንጻሩ ሙዚቃና ውዝዋዜ በንግግሮች መካከል እንደ ማረፊያ ብቻ በገቡባቸው ዝግጅቶች ያን ያህል አልተጠቀምንም፤ ኪነ ጥበብ ራሱ የሚጠናና የሚጠየቅ ነገር ሆኖ ሲቀርብ እንጂ ለማስጌጫ ሲጠራ ለተማሪ የሚያስተምረው ጥቂት ነው።

ስለ ጥያቄ ጊዜ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። በየአዳራሹ ጥያቄ አለኝ ብሎ ተነሥቶ ሌላ ንግግር የሚያደርግ ሰው አይጠፋም፤ የመድረክ መሪው ካላስቆመው የሌሎቹ ዕድል ያልፋል። አባሎቻችን ጥያቄያቸውን በወረቀት ጽፈው መያዛቸው ለዚህ ረድቷቸዋል፤ ምስጋናቸውን አጭር፣ ጥያቄያቸውን አንድ ብቻ አድርገው ይቀመጣሉ። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት የመድረክ መሪዎች ወደ እኛ ረድፍ መመልከት መጀመራቸውን አስተውያለሁ።

በዓመቱ መጨረሻ ክበቡ በቤተ መጻሕፍታችን የራሱን ገለጻ አዘጋጀ። ሦስት አባላት እያንዳንዳቸው ሃያ ሃያ ደቂቃ ተናገሩ፤ ከፋኩልቲው አንድ መምህርም በእንግድነት ተገኙልን። ስለ ሮዜታ ድንጋይ የተናገረችው ያች የመጀመሪያ ማስታወሻዋን ማንበብ ያቃታት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ሻምፖሊዮን በሞላላ ክበብ ከታጠሩት የነገሥታት ስሞች ተነሥቶ የ«ፕቶለሚ»ንና የ«ክሊዮፓትራ»ን የጋራ ፊደላት እንዴት እንዳመሳከረ በሰሌዳ ላይ ሥላ አሳየች። ስትጨርስ እንግዳችን «ስሞቹ በክበብ ባይታጠሩ ኖሮ በምን ይጀምር ነበር?» ብለው ጠየቋት። ጥቂት አሰበችና «አላውቅም፤ ፈልጌ እመለሳለሁ» አለች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ገጽ ጽፋ አመጣች። ሻምፖሊዮን በድንጋዩ ላይ የተረፉትን ምልክቶች ቆጥሮ፣ ለ486 የግሪክኛ ቃላት 1419 የሄሮግሊፍ ምልክቶች እንዳገኘና ከዚህም እያንዳንዱ ምልክት አንድ ሙሉ ቃል ሊሆን እንደማይችል እንደተረዳ፣ ከጥንታዊው የግብፅ ቋንቋ የመጣውን የቅብጥ ቋንቋ ማወቁም እንደጠቀመው ጽፋለች። ስለዚህ በስሞቹ ዙሪያ ያለው ሞላላ ክበብ ባይኖርም ቆጠራው መነሻ ይሆነው ነበር፣ መንገዱ ግን ይረዝምበት ነበር ትላለች። ገጹን ለእንግዳችን ልከንላቸዋል፤ ግልባጩ በክበቡ መዝገብ ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ ስድስት የማይነበቡ ገጾች ጋር አብሮ ተቀምጧል።